የዲኤንኤ ክር ላይ የብር ሽቦ መሥራት

መጀመሪያ ያየሁት ኮረንቲ ውሸት ነበር።

በሁለት የወርቅ ኤሌክትሮዶች መሀል ዲኤንኤ ዘርግቻለሁ ብዬ አምኛለሁ። አንድ ቮልት ስሰጠው መለኪያው 2 ናኖአምፒር አሳየኝ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ የባዮሎጂ ሰው ናት፤ እኔ ከኤሌክትሪክ ሰፈር የመጣሁ ነኝ። ምንም ሳትል ጎንበስ አለችና ቺፑ ላይ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበት። ቁጥሩ በአንዴ ዐሥር እጥፍ ወጣ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ወረደ።

«አይ አንቺ! ይሄ እኮ ዲኤንኤ አይደለም» አለችኝ። «የደረቀ ጨው ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያስተላልፋል።»

የሦስት ሳምንት ልፋቴን ውሃ በላው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ቺፕ ባዶውን ሳልለካና ሳልተነፍስበት ወደ ሥራ አላስገባም። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደ እኔ ከኤሌክትሮኒክስ ወደ ዲኤንኤ ለሚሻገሩ ነው። ፒፔት መያዝ ገና እየተማራችሁ ከሆነ አትፍሩ። ሥራው ግን ጭስ ማውጫ ያለው ላቦራቶሪ፣ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እና ፒኮአምፒር የሚያነብ መለኪያ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ራቁቱን ዲኤንኤ እንደ ሽቦ አትቁጠሩት። ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። በ1962 ኤሊ እና ስፓይቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በዲኤንኤው መሀል እንደ ሳንቲም የተደራረቡት ቤዞች (ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር የሚጣመሩት አራቱ የዲኤንኤ ፊደላት) ለኤሌክትሮን መንገድ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ጻፉ። በ1999 ፊንክ እና ሾነንበርገር የዲኤንኤ ገመዶችን ለክተው በደንብ ያስተላልፋሉ አሉ። በ2000 ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴልፍት ላይ እነ ዳኒ ፖራት 10.4 ናኖሜትር ርዝመት ያለው፣ ጂ እና ሲ ብቻ የሆነ ዲኤንኤ ለኩ። እንደ ሴሚኮንዳክተር ሆነባቸው፤ ቮልቴጁ የተወሰነ ደረጃ እስኪያልፍ ድረስ ኮረንቲ የለም። በዚያው ዓመት ሌሎች ረጅሙን ዲኤንኤ ለክተው ጭራሽ አያስተላልፍም አሉ። በ2001 ደግሞ ሱፐርኮንዳክተር በሆኑ (ያለ ምንም ሬዚስታንስ በሚያስተላልፉ) ኤሌክትሮዶች መሀል ሲቀመጥ፣ በጣም ዝቅተኛ ሙቀት ላይ የእነሱን ጠባይ ይወርሳል የሚል ውጤት ወጣ። አንድ ሞለኪውል፣ አራት መልስ።

እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል ማለት ብቻ አይበቃም። የለኩት ነገር አንድ አልነበረም። አንዱ በናኖሜትር፣ ሌላው በማይክሮሜትር ይለካል። አንዱ በእርጥበት ውስጥ ነው፣ ሌላው በቫኪዩም። የቤዞቹ ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። ከአራቱ ቤዞች ኤሌክትሮን ለመስጠት የሚቀለው ጂ ነው። ስለዚህ ቻርጁ ከአንዱ ጂ ወደ ሌላው ጂ እየዘለለ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ረጅም የኤ እና የቲ ተከታታይ ሲገባ ዝላዩ ይከብደዋል። ከኤሌክትሮዱ ጋር ያለው ንክኪ ደግሞ ብቻውን ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል። ለጥቂት ናኖሜትር ርቀት ዲኤንኤው ራሱ አስደሳች ነው። በማይክሮሜትር ርቀት ከሆነ ግን በእኔ ግምት እንደ ፕላስቲክ ክር አድርጋችሁ ብታዩት አትጎዱም።

ታዲያ ለምን እንለፋለን? ዲኤንኤ የት መሄድ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የቤዝ ጥንድ ርዝመቱ ላይ 0.34 ናኖሜትር ይጨምራል። ጫፉ ላይ የጻፋችሁለትን ጥንድ ከሺህ ሞለኪውሎች መሀል ለይቶ ይይዛል። በ1998 እስራኤል፣ ሃይፋ በሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ እነ ኤሬዝ ብራውን ያደረጉት ይህንን ነው። ዲኤንኤውን ከኤሌክትሮድ ወደ ኤሌክትሮድ ዘረጉት፤ ከዚያ ብር አለበሱት። ብር ስል ማዕድኑን ነው፣ የኪሱን አይደለም። 12 ማይክሮሜትር ርዝመትና 100 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያለው ሽቦ ወጣላቸው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የእነሱን መንገድ ነው፣ እኔ የተደናቀፍኩባቸውን ድንጋዮች ጨምሬ።

ቺፑ

መስታወት ላይ የተነጠፉ ሁለት የወርቅ መስመሮች ያስፈልጋሉ። መስታወት የምመርጠው ከሥር በማይክሮስኮፕ ለማየት ስለሚመች ነው። ወርቅ ብቻውን መስታወት ላይ አይጸናም፤ ከሥሩ ስስ የክሮሚየም ወይም የቲታኒየም ንጣፍ ያስፈልገዋል። በሁለቱ ጫፎች መሀል ያለው ክፍተት ከ12 እስከ 16 ማይክሮሜትር ይሁን። ይህ ቁጥር ከምንጠቀምበት ዲኤንኤ የመጣ ነው። ዲኤንኤው ላምዳ ከተባለው ቫይረስ የሚገኝ ሲሆን 48,502 የቤዝ ጥንዶች አሉት። በ0.34 ስታባዙት 16.5 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። ውፍረቱን ግማሽ ሚሊሜትር አድርገን ብናስበው ርዝመቱ 4 ሜትር ይደርሳል። እኔ ክፍተቱን 13 ላይ አደርገዋለሁ። ትንሽ ልል ቢሆን ይሻላል፤ የተወጠረ ክር ይበጠሳል።

አሁን ባዶውን ለኩ። ዲኤንኤ የለም፣ ብር የለም። ቺፑን በኋላ በምትጠቀሙባቸው ቡፈሮች (አሲድነታቸው እንዳይለዋወጥ የተዘጋጁ ፈሳሾች) ሁሉ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ከ0 እስከ 1 ቮልት ውሰዱት። ከ1 ፒኮአምፒር በላይ ካያችሁ አትቀጥሉ። ተንፍሱበት። ቁጥሩ ከዘለለ ጨው ወይም ሌላ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡና በኦክሲጅን ፕላዝማ አጽዱት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የኋለኛው ውጤታችሁ ሁሉ የሚቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። እሷ ከሌለች የእንቧይ ካብ ነው።

መልሕቆቹ

የላምዳ ዲኤንኤ ግራና ቀኝ ጫፎች ላይ 12 ቤዝ ያህል ነጠላ ሆኖ ይወጣል። የግራው «ጂጂጂሲጂጂሲጂኤሲሲቲ» ይላል፤ የቀኙ የዚህ ጥንድ ነው። ከ12ቱ 10ሩ ጂ ወይም ሲ ስለሆኑ አያያዛቸው ጠንካራ ነው። እኛ የምናዘው ሁለት አጫጭር ነጠላ ክሮች ነው፤ አንዱ የግራውን ጫፍ፣ ሌላው የቀኙን ጫፍ የሚይዝ። እነዚህን መልሕቅ እላቸዋለሁ። እያንዳንዱ መልሕቅ በአንድ በኩሉ ቲዮል አለው፤ ማለትም ወርቅን አጥብቆ የሚይዝ የሰልፈር ጫፍ።

ጥያቄው በየትኛው በኩል ይሁን ነው። የአንድ ክር ሁለት ጫፎች 5 ፕራይም እና 3 ፕራይም ይባላሉ፤ ሁለት ክሮች የሚጋጠሙትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! እኔ የመጀመሪያውን ሳዝ በ5 ፕራይም በኩል አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ስጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ወረቀት ላይ ሣሉትና ታዩታላችሁ። መልሕቁ ከላምዳው ጫፍ ጋር ሲጋጠም የመልሕቁ 5 ፕራይም ወደ መገጣጠሚያው፣ ወደ ላምዳው አካል ይዞራል። ወደ ውጭ፣ ወደ ወርቁ የሚያየው 3 ፕራይሙ ነው። ስለዚህ ቲዮሉ በ3 ፕራይም ይሁን። በ5 ፕራይሙ በኩል ፎስፌት አስጨምሩ፤ በኋላ መገጣጠሚያውን በላይጌዝ ኤንዛይም ለመዝጋት ይጠቅማችኋል።

ሌላ ወጥመድ አለ። የላምዳው ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ጥንድ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ መልሕቆችም እርስ በርስ ጥንድ ናቸው። አንድ ቱቦ ውስጥ ከተገናኙ እዚያው ይጋባሉ፤ ላምዳውን የሚጠብቅ አይኖርም። በአንድ ፒፔት ጫፍ ሁለቱንም መንካት እንኳ አይገባም። ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ በማይክሮማኒፑሌተር (በጥቂት በጥቂቱ በሚያንቀሳቅስ መያዣ) ያዙ፤ አንዱን ኤሌክትሮድ ብቻ የምትነካ ጠብታ አድርጉ፤ በደንብ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሌላኛው። እጄ በጣም የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ቡና አልጠጣም።

ሁለቱም ከተቀመጡ በኋላ ወርቁን በመርካፕቶሄክሳኖል ለአንድ ሰዓት እጠበው ዘንድ ልማድ አድርጌዋለሁ። ይህ ሞለኪውል በመልሕቆቹ መሀል ያለውን ባዶ ወርቅ ይሸፍነዋል። ወርቁ ላይ የተኙትን መልሕቆች ደግሞ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸዋል። ሽታው ከባድ ነው። ክዳኑን ከጭስ ማውጫው ውጭ ከከፈታችሁት ፎቁ ሁሉ ይፈልጋችኋል።

ክሩን መዘርጋት

ላምዳ ዲኤንኤ ልክ እንደ ሸረሪት ድር ነው። በተለመደው ቀጭን የፒፔት ጫፍ ፈጥናችሁ ብትስቡት ይቆራረጣል። እኔ ጫፉን በመቀስ ከአፉ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ቆርጬ አሰፋዋለሁ። ቱቦውን አልነቀንቅም፣ ማሽን ላይም አላርገበግበውም፤ በቀስታ እገለብጠዋለሁ። ሁለቱ ጫፎች ጥንድ ስለሆኑ ላምዳዎቹ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ወይም ቀለበት ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። ለዚህ መላው በ65 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ማሞቅና ወዲያው በረዶ ውስጥ መክተት ነው። ከበረዶው ካወጣችሁት በኋላ ጊዜ አታባክኑ።

የሚታይ እንዲሆን ዮዮ የሚባል ቀለም እጨምራለሁ። ቀለሙ በቤዞቹ መሀል ይገባል፤ ስለዚህ ክሩ ይረዝማል። ብዙ ከጨመራችሁበት 16.5 የነበረው ከ20 ማይክሮሜትር ያልፋል። ክፍተቱን ስታስቡ ይህን አትርሱ። ከዚያ ፈሳሹን ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ሌላው አቅጣጫ በቀስታ አስኪዱት። አንዱ ጫፉ የተያዘ ላምዳ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ባንዲራ ይዘረጋል። ሌላኛው ጫፉ ማዶውን ሲነካና ሲይዝ ፈሳሹ ቢቆምም ክሩ ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ያችን አረንጓዴ መስመር ቆማ ማየት… እስካሁን አልሰለቸኝም።

ችግሩ ማየቱ ራሱ ነው። ዮዮ ያለበት ዲኤንኤ ሰማያዊ ብርሃን ሲበዛበት ይቆረጣል። አንዴ በደስታ ለሁለት ደቂቃ አፍጥጬ ሳየው ዓይኔ እያየ ከመሀል ለሁለት ተበጥሶ ወደ ግራና ቀኝ ተሰበሰበ። አሁን ብርሃኑን ለአንድ ሰከንድ ከፍቼ ፎቶ አነሣና እዘጋለሁ።

ድልድዩ መቆሙን ካረጋገጣችሁ በኋላ ላይጌዙን ጨምሩ። የሚሠራው በማግኒዚየምና ኃይል በሚሰጠው ኤቲፒ በተባለ ሞለኪውል ስለሆነ ኢዲቲኤ ያለበት ቡፈር ቀርቶ ከሆነ አስቀድማችሁ አስወግዱ፤ ኢዲቲኤ ማግኒዚየሙን ይሰበስብበታል።

አሁን ሁለተኛውን ልኬት ውሰዱ፤ ድልድዩ አለ፣ ብሩ የለም። ለዚህ ልኬት የተለየ ቺፕ አድርቁ፤ የሥራውን ቺፕ አታድርቁት። ኮረንቲ መኖር የለበትም። ካለ፣ ትንፋሹን ታውቁታላችሁ።

ማልበስ

የዲኤንኤ ጀርባ በፎስፌት የተሞላ ነው፤ ፎስፌቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ሶዲየም ይከበዋል። የብር አዮኖች ስናመጣ ሶዲየሙን አስለቅቀው ቦታውን ይይዛሉ። ቤዞቹም ራሳቸው ብር ይይዛሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቡፈራችሁ ውስጥ ክሎራይድ ከቀረ ግን ሁሉም ነገር ነጭ ወተት ይሆናል፤ ብሩ ክሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል። ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ክሎራይድ የሌለበት ቡፈር ማግኘት ብርቅ ነው። የገበታ ጨው በሶዲየም ናይትሬት፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ በማግኒዚየም አሲቴት ይተካ። ፎስፌት ቡፈርም አይሆንም። ብሩ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አምስት ጊዜ እጠቡ። ከመጨረሻው እጣቢ ትንሽ ወስዳችሁ በቱቦ ውስጥ አንድ ጠብታ ብር ናይትሬት ጨምሩበት። ከደፈረሰ እንደገና እጠቡ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የብር አዮኑን የምናመጣበት ፈሳሽ በአሞኒያ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ፈሳሽ ቢቀመጥ ወይም ቢደርቅ የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል። ለዚያ ሰዓት የሚበቃችሁን ብቻ አዘጋጁ። ሥራው እንዳለቀ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጉና ወደ ብር ቆሻሻ መያዣው አስገቡ። «ነገ እደፋዋለሁ» አይባልም። ጓንትም አድርጉ። ብር ናይትሬት ሲነካችሁ ምንም አይመስልም፤ ብርሃን ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። እኔ ሁለት ጣቶቼ ጠቁረው አንድ ሳምንት ዞሬያለሁ።

የቀረው ፎቶ ማጠብ ነው። ይህን ስል ምሳሌ አይደለም፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ ኬሚስትሪው ራሱ ነው። መብራቱን ቀንሱ። ዲኤንኤው የብር አዮኑን ከያዘ በኋላ ትርፉን እጠቡ። ከዚያ አልካላይን በሆነ ሃይድሮክዊኖን (የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል) አዮኑን ወደ ጠጣር ብር ለውጡት። ክሩ ላይ ጥቃቅን የብር ዘሮች ይቀመጣሉ፤ ገና አይገናኙም። ቀጥሎ አሲዳማ የሆነ የሃይድሮክዊኖንና የብር አዮን ድብልቅ ታፈሳላችሁ። ድብልቁ በአሲድ ውስጥ ዝግተኛ ስለሆነ ብር የሚተክለው ቀድሞ ዘር ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ዘሮቹ ያብጣሉ፣ ይነካካሉ፣ ሽቦ ይሆናሉ።

መቼ ይቁም? ፈሳሹን ተመልከቱ። ጠርቶ እያለ ጊዜ አላችሁ። ግራጫ ጥላ ማሳየት ከጀመረ ብሩ በራሱ ፈሳሹ ውስጥ እየበቀለ ነው፤ ቀጥሎ መስታወቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ያኔ ዲኤንኤ ባይኖርም ኤሌክትሮዶቹ ይገናኛሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቺፕ ጎን ዲኤንኤ የሌለው ወንድሙን አብሬ አጥባለሁ። ያው ፈሳሽ፣ ያው ሰዓት። ዲኤንኤ የሌለው ቺፕ ካስተላለፈ የሁለቱንም ውጤት እጥላለሁ። አንጀት የሚያሳርር ነገር ነው፣ ግን እጥላለሁ።

መለካት

ይህን ሁሉ ደክማችሁ ሽቦውን በጣታችሁ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ቻርጅ ለእንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ መብረቅ ነው። የእጅ ማሰሪያውን መሬት ላይ አገናኙ። ከሽቦው ጋር በተከታታይ ትልቅ ሬዚስተር አስገቡ፤ እኔ 1 ሜጋኦም አደርጋለሁ። ከጥቂት ሚሊቮልት ጀምሩ።

ምን መጠበቅ አለባችሁ? ሒሳቡን እንሥራው። የብር ሬዚስቲቪቲ 1.6 ሲባዛ በ10 ኔጌቲቭ 8 ኦም ሜትር ገደማ ነው። 12 ማይክሮሜትር ርዝመት፣ 100 በ100 ናኖሜትር ስፋት ያለው ድፍን የብር ሽቦ 20 ኦም አካባቢ መሆን ነበረበት። እናንተ ግን ሜጋኦም ታያላችሁ። አትደንግጡ። ሽቦው ድፍን አይደለም፤ በመቁጠሪያ ክር ላይ እንዳሉ ዶቃዎች የተሰለፉ የብር እህሎች ነው። ግራፉም ቀጥ ያለ መስመር አይሆንም። ዜሮ አካባቢ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ቮልቴጁ ሲጨምር ብቻ ሊነሣ ይችላል። እነ ብራውንም ያዩት እንዲህ ያለውን ነው። ጠፍጣፋው ሰፊ ከሆነ እህሎቹ ገና አልተነካኩም፤ በአሲዳማው ድብልቅ ተጨማሪ እጥበት ይረዳል።

ከዚያ ተንፍሱበት። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ብር እየለካችሁ ነው። በመጨረሻ ሽቦውን በኤኤፍኤም (በቀጭን መርፌ እየዳሰሰ በሚያይ ማይክሮስኮፕ) ጫፍ ቁረጡትና እንደገና ለኩ፤ ኮረንቲው ዜሮ መሆን አለበት። የደከማችሁበትን ሽቦ በእጃችሁ መቁረጥ ይከብዳል። ከሦስት ሽቦ አንዱን ለዚህ መሥዋዕት አድርጉት።

ስለ ኦሪጋሚ፣ ማለትም ዲኤንኤን እንደ ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ ስለ መሥራት፣ ብዙ ትጠየቃላችሁ፤ በአጭሩ ልበል። በ2006 ፖል ሮትመንድ አንድ 7,249 ቤዝ ያለው የቫይረስ ክር ከ200 በላይ በሆኑ አጫጭር ክሮች እያጠፈ የፈለገውን ቅርጽ ሠራ። ማግኒዚየም ያለበት ቡፈር ውስጥ ከ95 ዲግሪ እስከ ክፍል ሙቀት ቀስ እያሉ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከላይ ካለው ሥራ ይልቅ ለእጅ ይቀላል። ሽቦ ለመሥራት ሳይሆን ክፍሎችን በናኖሜትር ልክ ቦታ ቦታቸው ለማስቀመጥ ነው ጥቅሙ። ትራንዚስተር ከፈለጋችሁ ደግሞ በ2003 ከዚያው ከቴክኒዮን ዲኤንኤ የካርቦን ናኖቲዩብን (ከካርቦን የሆነ እጅግ ቀጭን ቱቦ) ቦታው ላይ አስቀምጦ የሠራ ትራንዚስተር ወጥቷል። ሁለቱም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋሉ።

ያለቀውን ቺፕ አየር ላይ አትተዉት። ብር በአየር ውስጥ ያለ ሰልፈር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ እንዲህ የቀጠነ ሽቦ ደግሞ ለመጥቆር ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ደረቅ ናይትሮጂን ባለበት ሣጥን ውስጥ ክተቱት፣ ክዳኑ ላይ ቀኑንና የባዶውን ልኬት ጻፉበት፣ ከጎኑም ዲኤንኤ የሌለውን ወንድሙን አስቀምጡ።